ዋና ላልቶ ሲነበብ

እኔ ውኃን አልጠላም፤ ይሄ ከመጀመሪያው ይታወቅልኝ። እጠጣዋለሁ፣ ፊቴን እታጠብበታለሁ፣ ጥምቀት ሲመጣም ከፊት ተሰልፌ እረጭበታለሁ። ከውኃ ጋር ያለን ጠብ አንድ ብቻ ነው፤ ከጉልበቴ በላይ ሲመጣ ወዳጅነታችን እዚያው ላይ ያበቃል። ዐርባ ሦስት ዓመት እንዲህ ተከባብረን ኖርን። እሱ በዘንገና ሐይቅ፣ እኔ በቆሰበር። እሱ ወደ ላይ አልወጣ፣ እኔ ወደ ታች አልወረድሁ።

ቆሰበር የምለው እንጅባራን ነው። በደብዳቤ ላይ እንጅባራ ብለን እንጽፋለን፤ ባጃጅ ስንጠራና ስንናደድ ግን ከአፋችን የሚወጣው ቆሰበር ነው። በዚህ ወግ ውስጥ ብዙ ጊዜ ስለምናደድ ቆሰበር ሲበዛባችሁ አትቀየሙኝ።

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ይባላል። እኔ ላይ ነገሩም ውኃውም አንድ ላይ ነው የመጡብኝ፤ ስለዚህ ከሥሩ ልጀምር።

አንድ ዓመት በሰኔ ለስልጠና ባሕር ዳር ሄድሁ። ባለቤቴ ብርቱካንም እህቷን ልትጠይቅ አብራኝ መጣች። ያረፍንበት ሆቴል መዋኛ ነበረው፤ "ለእንግዳ ነጻ ነው" አሉን። እናንተዬ፣ ነጻ ከተባለማ እንዴት ይታለፋል! ቁምጣ ተውሼ ገባሁ። ውኃው ደረቴ ድረስ ነው። ግድግዳውን በሁለት እጄ ጨበጥሁና አንድ ሰዓት ሙሉ ቆየሁ። የገቡት ወጡ፣ የወጡት ተመልሰው ገቡ፣ እኔ እዚያው ነኝ። ብርቱካን ዳር ተቀምጣ ቆሎ እየቆረጠመች ታየኛለች። መጨረሻ ላይ አላስችል ሲላት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "አንተ ሰውዬ፣ ግድግዳውን ልቀቀው እንጂ! አንተ ሳትመጣም ቆሞ ነው የኖረው፤ አይወድቅም" አለችኝ።

ሳቁ ጣና ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። ፎጣ የሚያድለው ሰውዬ እንኳ ፎጣውን አፉ ላይ አድርጎ ነው የሳቀው። የቀረበልኝ ያው ፎጣ ነው።

አናጢ ሲናደድ እንጨት ይመታል፤ እኔ ስናደድ ዕቅድ አወጣለሁ። ሥራዬ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የዕቅድ ባለሙያ ነኝ፤ የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፣ እንጀራዬ ነው። ሐምሌ ደግሞ የዓመቱ ዕቅድ የሚታቀድበት ወር ነው። እናም የመሥሪያ ቤቱን ዕቅድ እየጻፍሁ፣ በምሳ ሰዓት ላይ የራሴን የዓመት የዋና ዕቅድ መጻፍ ጀመርሁ። ሐምሌ ሲመለስ ከዚያ ግድግዳ ጋር እንተያያለን ብዬ ዛትሁ።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ዐሥራ ስምንት ዓመት ዕቅድ ሲጽፍ የኖረ ሰው "ዘንድሮ ዋና እማራለሁ" ብሎ መጻፍ አይሆንለትም። እጁ እምቢ ይለዋል። መግቢያው "እንደሚታወቀው" ብሎ ጀመረ። ምን እንደሚታወቅ እኔም አላውቅ። ጭንቅላቴን ውኃ ውስጥ ነክሬ እስከ ዐሥር መቁጠር ፈለግሁ፤ ወረቀቱ ላይ ሲወርድ "ግብ አንድ፦ የትንፋሽ አያያዝን ማሻሻል" ሆነ። በጀርባዬ ተንጋልዬ ማንም ሳይዘኝ እስከ ዐሥር መንሳፈፍ ፈለግሁ፤ "ግብ ሁለት፦ ያለ ማንም ድጋፍ ራስን ችሎ ከላይ መቆየት" ተብሎ ተጻፈ። ግብ ሦስት፣ "እጅና እግርን አቀናጅቶ ወደፊት መገስገስ።" ስጋት የሚለው ሠንጠረዥ ውስጥ "ከአቅም በላይ መጥለቅ" አልሁ፤ ማቃለያው ሥር "ዳሩን አለመልቀቅ።"

ግብ አራት ከየት እንደመጣች ልንገራችሁ። "ዕቅድ የተለጠጠ ይሁን" የሚል መመሪያ አለን። እኔም ለጠጥሁት። "ግብ አራት፦ ዘንገናን ከዳር እስከ ዳር ማዳረስ።" ዘንገናን ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ገበቴ የመሰለ ሐይቅ ነው፣ ሁለት እርምጃ ከገባህ እግርህ መሬት ይፈልጋል፣ መሬት የለም። ሽማግሎች "መጨረሻ የለውም" ይላሉ። እኔ ልለካው አላሰብሁም፤ ከላይ ከላዩ ለማለፍ ነበር።

አራት ገጽ ሆነ። ኮምፒውተሬ ላይ "የዋና ዕቅድ" ብዬ አስቀመጥሁት። ከጎኑ ዘጠና ገጹ የመሥሪያ ቤቱ ዕቅድ አለ፤ ስሙ "ዋና ዕቅድ" ነው።

አሁን የፊደላችንን አንድ ጣጣ ላስታውሳችሁ። ዋና ሲጠብቅ አለቃ ነው፤ ዋና ጸሐፊ፣ ዋና የሥራ ሂደት፣ ዋና ዕቅድ። ሲላላ ግን ውኃ ውስጥ መንፈራገጥ ነው። በአፍ ሲነገር ሕፃንም አይሳሳተው። ወረቀት ላይ ግን ሁለቱ መንትያ ናቸው፤ ወልዳ ያሳደገቻቸው እናት እንኳ አትለያቸውም።

በዚያው ሰሞን የአክስቴ ባል አርፈው ዳንግላ ለቅሶ ሄድሁ። ድንኳን ውስጥ በሽማግሎች መካከል አንገቴን ደፍቼ ተቀምጫለሁ። ስልኬ ነዘረ። የመሥሪያ ቤታችን ጸሐፊ ሰናይት ናት።

"ዕቅዱ ዛሬ ለበላይ መሥሪያ ቤት ካልገባ ተብሏል። ኃላፊው ይፈረምና ይላክ ብለዋል። ኮምፒውተርህ ላይ ሁለት አየሁ፤ የትኛውን ላትም?"

ለቅሶ ላይ እንዴት ይጮኻል? ጋቢዬን አፌ ላይ አድርጌ፣ "ዋናውን! ዋናውን አትሚ!" አልኋት በሹክሹክታ።

"እ? አይሰማም።"

"ዋና!"

እስቲ በሹክሹክታ ማጥበቅ ሞክሩ። በዚያ ላይ የዳንግላ ኔትወርክ አለ። ኔትወርክ ፊደል ሲበላ አውቅ ነበር፤ ማጥበቂያ ሲበላ ያየሁት ያን ቀን ነው። "እሺ፣ የዋናውን" አለችና መስመሩ ተቋረጠ። እኔም "ነፍስ ይማር" ብዬ ጋቢዬን መለስሁ። ለማን እንዳልሁት ያኔ አልገባኝም።

ሰኞ ስመለስ አንድ ቅጂ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጦ ጠበቀኝ። አራት ገጽ። ፊርማ አለው፣ ማኅተም አለው። ማኅተሙ ያረፈው "ከዳር እስከ ዳር" የሚለው ላይ ነው። ቆሌዬ ተገፈፈ። ወረቀቱን ይዤ ወደ ኃላፊያችን ቢሮ በረርሁ።

ኃላፊያችን አቶ ሙሉቀን ይባላሉ፤ እኛ ጋሼ ነው የምንላቸው። ረጅም፣ መነጽራም፣ ንጹሕ ሰው ናቸው። ጡረታ ለመውጣት የቀራቸው ያ አንድ ዓመት ብቻ ነበር። ሠላሳ ሦስት ዓመት ሲሠሩ አንድ ሰው እንኳ "ዋሹ" ብሏቸው አያውቅም። አንድ ጉድለት ቢኖራቸው እጃቸው ከዐይናቸው መቅደሙ ነው፤ መጀመሪያ ይፈርማሉ፣ ኋላ ያነባሉ።

ስገባ ስልክ እየዘጉ ነው። ፊታቸው በርቷል።

"ተመሰገንን!" አሉኝ።

"ጋሼ፣ አንድ ነገር ልናገር መጥቼ ነበር…"

"ቆይ፣ መጀመሪያ ስማ። ከላይ ደውለው ነው። እንዲህ ያለ አጭር ዕቅድ አይተን አናውቅም አሉ። ትንፋሽ አያያዝ ያልሃት ለካ ትዕግሥት ናት! ለባለጉዳይ! ያለ ድጋፍ ከላይ መቆየት፣ ራስን መቻል! እጅና እግርን ማቀናጀት፣ ቅንጅታዊ አሠራር! የዘንገናን አካባቢ ነዋሪ ከዳር እስከ ዳር ማዳረስ! ልጄ፣ ይሄን ሁሉ ችሎታ የት ደብቀኸው ኖርህ?"

አፌን ከፈትሁ። እውነቱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፤ እመኑኝ። የወጣው ግን "ከእርስዎ የተማርሁት ነው" የሚል ሆነ። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል እሰማ ነበር፤ ምስጋናም ያው ኖሯል።

እንግዲህ ጭንቄ ይግባችሁ። በየሦስት ወሩ ሪፖርት አለ። የምጽፈው እኔ፣ የሚፈርሙት ጋሼ ሙሉቀን። አሁን ብናገር፣ ተመስግነው ያደሩ ሰው የቁምጣ ዕቅድ ፈርመው ላኩ ተብለው በጡረታቸው ዋዜማ የቆሰበር መሳቂያ ሊሆኑ ነው። ዝም ብል ደግሞ በየሩብ ዓመቱ ውሸት እያስፈረምኋቸው ነው፤ ሠላሳ ሦስት ዓመት ያልዋሹትን በአራት ሪፖርት አስዋሽቼ ልሸኛቸው ነው። ሲጨንቀኝ ጊዜ ሦስተኛ መንገድ አገኘሁ፦ ሪፖርቱ እውነት እንዲሆን ዕቅዱን መፈጸም። የመሥሪያ ቤቱማ ሥራ በዘጠና ገጹ እየተመራ በደንቡ ይሄድ ነበር። የቀረው እኔ መዋኘቴ ነው።

ግብ አንድን በሳፋ ጀመርሁ። በሐምሌ፣ በቆሰበር ብርድ፣ ጠዋት ጠዋት ጭንቅላቴን ሳፋ ውስጥ እነክራለሁ፣ ብርቱካን ትቆጥራለች። አቆጣጠሯ ግን የክፋት ነው። "አንድ… ሁለት… ሦስት… ትናንት ጎረቤታችን ምን እንዳለችኝ ነገርሁህ? … አራት…" ውኃ ውስጥ ሆኖ የጎረቤት ነገር መስማት ምን ዓይነት ስቃይ እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል። አምስት ላይ የሞቱ ዘመዶቼ ተሰልፈው ታዩኝ። ሁለት ጊዜ ጉንፋን ያዘኝ። መስከረም ሲያልቅ ዐሥር ገባሁ፤ ያውም በብርቱካን ዐሥር። "ግብ አንድ ሙሉ በሙሉ ተፈጽሟል" ብዬ ጻፍሁ። ጋሼ ፈረሙ። አንዲት ጠብታ ውሸት የለበትም።

ግብ ሁለት ግን በሳፋ አይሆንም። ጥርባ በምትባል የገጠር መንደር ወዳሉት አማቴ ሄድሁ። የብርቱካን አባት አያ ፈንታ ገበሬ ናቸው፤ ከቤተሰባቸውና ከፈረሳቸው ጋር በአገውኛ ያወራሉ፣ ከእኔ ጋር በአማርኛ። ከሦስታችን አገውኛ የማይሰማ እኔ ብቻ ነኝ፤ ፈረሱ ዳማ አጥርቶ ይሰማል።

"ዋና መማር ፈልጌ ነበር፣ አያ ፈንታ።"

"ምን ልትሻገር? ድልድዩ ፈረሰ እንዴ?"

"አይ፣ ለዕቅድ ነው።"

"እ… ለዕቅድ" አሉና እንደታመመ ሰው አዘኑልኝ። ጠጋ ብለውም፣ "እኛ ስንማር የፈረስ ጅራት ይዘን ነው። እሱ ይዋኛል፣ ያንተ ሥራ አለመልቀቅ ነው" አሉኝ።

"ከለቀቅሁስ?"

"ያኔ ትማራለህ።"

ከእርሻቸው ዝቅ ብሎ ወንዟ ሰፋ የምትልበት ቦታ አለ። ቁምጣዬን አጥብቄ የዳማን ጅራት ጨበጥሁ። አያ ፈንታ በአገውኛ አንድ ነገር አሉ። እኔን መስሎኝ "አቤት!" አልሁ። ለካ ፈረሱን ነው። ዳማ ዘሎ ገባ።

ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው ይባላል፤ ያን ቀን ሁለቱም ከአንድ ቦታ መጡብኝ። ውኃ በአፍንጫዬ ገባ፣ በጆሮዬ ገባ፣ በየት እንዳልገባ እንጃ። ብቻ አለቀቅሁም። ዳማ ማዶ ደረሰና ወጣ። ወጥቶም አልቆመ፤ ማዶ ለምለም ሣር አይቷል። እኔም ጅራቱን እንደጨበጥሁ በሆዴ ጭቃውን፣ ጠጠሩን፣ ሣሩን እየጠረግሁ ተከተልሁት።

አያ ፈንታ ከወዲያ ማዶ ይጮኻሉ። "ልቀቀው! ልቀቀው እንጂ!"

"አትልቀቅ ብለውኝ!"

"እሱ ውኃ ውስጥ ነዋ!"

የብርቱካን ቤተሰብ ልቀቅ ማለት ይወዳል። እዚያው ሣሩ ላይ ተዘርግቼ ያሰብሁት ይሄንኑ ነው።

በሳምንት አንዴ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ተመላለስሁ። አንድ ቅዳሜ ወንዙ መሐል ላይ ዳማ ዝንብ አስቸገረው መሰለኝ ጅራቱን ወነጨፈው፤ እጄ ባዶውን ቀረ። "ልሞት ነው" ብዬ በጀርባዬ ተዘረጋሁ። ለመሞት የተዘጋጀሁ መስሎኝ እጄንም እግሬንም ዘረጋሁት። "ዝም በል! ዝም ካልህ ራሱ ይይዝሃል!" ይላሉ አያ ፈንታ። ዝም አልሁ። ያዘኝ! አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ድረስ ያዘኝ፤ ከዚያ ደስታዬን ለመናገር አፌን ስከፍት ሰጠምሁ። በጋቢያቸው ጫፍ ጎትተው አወጡኝ። ከዐሥር ሦስት ማለት ሠላሳ በመቶ ነው፤ ሪፖርቱም ላይ "ግብ ሁለት፣ ሠላሳ በመቶ" ተብሎ ገባ።

ግብ ሦስትን ቤት ውስጥ በርጩማ ላይ በሆዴ ተኝቼ ነው የተለማመድሁት። ብርቱካን እንግዳ ይዛ ስትገባ እጄን እንደ ወፍጮ እያሽከረከርሁ አገኘችኝ። "ባሌ ነው፣ አይዟችሁ፣ አይናከስም" አለቻቸው። ለሪፖርቱ "እጅ ተጠናቋል፣ እግር በሂደት ላይ ነው" ብዬ ጻፍሁ። ግብ አራትን ወደ መጨረሻው ሩብ ዓመት ገፋሁት።

እንዲህ እያልሁ ሰኔን አልፋለሁ ስል በመጋቢት ደብዳቤ መጣ። ዳንግላ ካለ የእኛው ዓይነት መሥሪያ ቤት ነው። "በዕቅድ ዝግጅት ምርጥ ተሞክሮ ያላችሁ ስለሆነ ልምድ ለመቅሰም ዐሥራ ሁለት ባለሙያዎች እንልካለን። በተለይ ግብ አራት መሬት ላይ እንዴት እንደወረደ በአካል ማየት እንፈልጋለን" ይላል። ከሥሩ የእነሱ ዕቅድ ተያይዟል። ገለጥሁት። ከላይ ለአርአያነት ተልኮላቸው ኖሯል፤ ቃል በቃል የእኔ ነው! መግቢያው "እንደሚታወቀው" ይላል። ግብ አራት "ዘንገናን ከዳር እስከ ዳር ማዳረስ" ይላል። የዳንግላ ሰዎች፣ ዘንገናን! የቦታውን ስም እንኳ ሳይቀይሩ ነው የገለበጡት።

ጋሼ ሙሉቀን ደስታውን አልቻሉትም። "እዚያው ሐይቁ ዳር ቆመህ ታብራራለህ" አሉኝ። አዲስ ክራቫት ገዙ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይሄ ነው። ሰው ሲጨንቀው ዘመድ ይጠራልና አያ ፈንታ ዘንድ ደውዬ "ገመድ ይዘው ዘንገና ይምጡልኝ" አልኋቸው። ለምን እንዳስፈለገኝ እኔም አላውቅ። ቁምጣዬንም ከሱሪዬ ሥር ለበስሁ።

ሚኒባሱ ደረሰ። ዐሥራ ሁለቱም ደብተር ይዘው ወረዱ። የሐይቁ ዳር ጦጣዎች ዳቦ መስሏቸው ደብተሩን እያዩ ከዛፍ ወረዱ። አያ ፈንታ ከዳማ ጋር ራቅ ብለው ቆመዋል፤ ገመዱ ትከሻቸው ላይ ነው። ጋሼ ክራቫታቸውን አቃኑና፣ "እንግዲህ የዚህ ሁሉ ፍሬ ባለቤት ባለሙያችን ነው፤ እሱ ያብራራል" አሉ።

"ክቡራን እንግዶቻችን፣ እንደሚታወቀው…" ብዬ ጀመርሁና ቆምሁ። ምንም የሚታወቅ ነገር አልነበረም። ጋሼን አየኋቸው፤ እንደ አባት ፈገግ ብለው በኩራት ያዩኛል። ከዚህ በላይ አልቻልሁም።

"ይሄ ዋና የሚለው አይጠብቅም" አልሁ። "ላላ ነው።"

አንዱ እንግዳ እየጻፈ፣ "ምኑ ነው የላላው? አፈጻጸሙ?" አለ።

"ቃሉ! ዋና… መዋኘት። የመሥሪያ ቤት ዕቅድ አይደለም። የራሴ የግሌ የዋና ዕቅድ ነው፤ ተሳስቶ ታትሞ ነው። ትንፋሽ ማለት ትንፋሽ ነው። ከላይ መቆየት ማለት ከውኃ በላይ ነው። ዘንገናን ማዳረስ ማለት…" በእጄ ሐይቁን ከዚህ እስከዚያ ማዶ አሳየኋቸው። "ጥፋቱ የእኔ ነው። ጋሼ አያውቁም።"

ጦጣው እንኳ ማላመጡን ተወ።

ከዚያ የዳንግላው የዕቅድ ባለሙያ፣ አቶ ጥላሁን የሚባል ቀጭን ሰው፣ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለና ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ያለቀሰ መስሎኝ ልቤ ተሰበረ። ቀና ሲል ግን እንባው እስኪፈስ እየሳቀ ነው።

"እግዜር ይስጥህ! ገላገልኸኝ! ግብ ሁለትን ስድሳ አምስት በመቶ ብዬ ሪፖርት አድርጌያለሁ እኮ! ምን እንደሆነ ሳላውቅ! 'ከላይ መቆየት፣ ከምን ላይ?' እያልሁ ከሰው ተራ ወጣሁ!"

"ዘንገናንስ ከዳንግላ ሆናችሁ እንዴት አደረጋችሁት?" አልሁት።

"ዐርባ በመቶ!"

ዐሥራ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ፈነዱ። እኔ ግን ጋሼን ነው የማየው። አልሳቁም። መነጽራቸውን አውልቀው በአዲሷ ክራቫት ይጠርጋሉ።

"ግብ አንድ ሙሉ በሙሉ ተፈጽሟል ብለህ አስፈርመኸኛል" አሉ ቀስ ብለው።

"እውነት ነው ጋሼ። በሳፋ። ባለቤቴ ምስክር ናት።"

"ግብ ሁለት ሠላሳ በመቶ ብለሃል።"

"ከዐሥር ሦስት ቆጥሬያለሁ፤ አያ ፈንታ እነሆ፣ ይጠየቁ።"

"ሦስት ነው" አሉ አያ ፈንታ ከዳር ሆነው። "አፉን ባይከፍት ይጨምር ነበር።"

"ግብ ሦስት?"

"በበርጩማ። እጅ አልቋል፤ እግር እውነትም በሂደት ላይ ነው።"

ጋሼ መነጽራቸውን ወደ ብርሃን አንሥተው አዩት። ከዚያ፣ "ስለዚህ እኔ የፈረምሁት ውሸት የለበትም?" አሉኝ። ድምፃቸው ቀጠነ።

"አንዲትም ቦታ አልዋሹም፣ ጋሼ።"

ረጅም ትንፋሽ አወጡ። ዘጠኝ ወር ሙሉ የያዝሁትን ትንፋሽ እኔም አብሬ አወጣሁት። ግብ አንድ እዚያ ላይ እንደገና ተፈጸመ ማለት ይቻላል።

"እንግዲያውስ" አሉ መነጽራቸውን መልሰው፣ "እንግዳ ከዳንግላ ድረስ አስመጥቶ ሠላሳ በመቶ አይታይም። ግብ ሁለትን ጨርሰህ አሳይ።"

ሱሪዬን ሳወልቅ ቁምጣዬን ያየ ሁሉ አጨበጨበ። አያ ፈንታ ገመዱን ወገቤ ላይ አሰሩ፤ ሌላውን ጫፍ ዳማ አንገት ላይ አሰሩት፣ እኔን አላመኑኝም። ዳሩን ይዤ ገባሁ። ብርዱ አጥንቴን ሰነጠቀው። አንድ እርምጃ፣ ሁለት እርምጃ፣ ከዚያ መሬት የለም። በአንድ እጄ የዛፍ ሥር ጨብጫለሁ። ፈራሁ፤ እውነቴን ነው፣ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ያኔ የብርቱካን ድምፅ በጆሮዬ መጣ፤ "አንተ ሳትመጣም ቆሞ ነው የኖረው።" ለቀቅሁት።

በጀርባዬ ተዘረጋሁ። ዝም አልሁ። ያዘኝ። ዳር ያሉት በአንድ ድምፅ መቁጠር ጀመሩ፤ ጆሮዬ ግን ውኃው ውስጥ ስለሆነ የምሰማው የራሴን ልብ ብቻ ነው። ከላይ ሰማዩ በዛፍ ታጥሮ ክብ ሆኖ ይታየኛል። የፈረስ ጅራት የለ፣ ሳፋ የለ፣ ሪፖርት የለ፣ የምደብቀው ነገር የለ። ደስ አለኝ። እንደዚያ ቀሎኝ አያውቅም። እነሱ ዐሥር ላይ አጨብጭበው ጨርሰው ኖሯል፤ እኔ ለራሴ መቁጠሬን ቀጠልሁ። አያ ፈንታ በአገውኛ አንድ ነገር ሲሉ ዳማ ወደ ኋላ እየተራመደ እንደ ጥጃ ጎትቶ አወጣኝ። ዐርባ ሦስት ደርሼ ነበር።

ቤት ስገባ ብርቱካን ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ። "ግድግዳውስ?" አለችኝ።

"ቆሟል" አልኋት።

ሰኞ ዕለት ጋሼ "በአጻጻፍ መመሳሰል ምክንያት" ብለው እውነተኛውን ዘጠና ገጽ ከይቅርታ ደብዳቤ ጋር ላኩት። መልሱ በሦስተኛው ቀን መጣ። "ስህተቱ ታርሟል፤ ነገር ግን አዲሱ ዕቅድ ከበፊቱ ሲነጻጸር ረዝሟል" ይላል። በከተማው ተሳቀ፤ ግን የተሳቀው በእኔና በሳፋዬ ነው። ጋሼን "ዋሹ" ያለ ሰው አልተገኘም።

ሰኔ ሊያልቅ ሲል፣ የመሸኛቸው ሳምንት ላይ፣ ጋሼ ቢሯቸው አስጠሩኝ። በሩን ዝጋው አሉኝ። ዘጋሁት።

"የጡረታዬን ዕቅድ ጻፍልኝ" አሉ። "አጭር ይሁን።"

"እሺ ጋሼ" አልሁና እስክሪብቶዬን አወጣሁ። "ዋና ዋና ግቦቹ ምን ምን ናቸው?"

በሩ መዘጋቱን እንደገና አዩ። ጎንበስ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ሁለት ጊዜ ምን ያደርግልኛል? አንዱ ዋና ይበቃል" አሉኝ። "ላላው።"